ከግራ በኩል የመጣው እጅ

ትራፊክ ፖሊሱ የመኪናዬን ኮፈን በመዳፉ ባይመታው ኖሮ ሳላየው አልፌው ነበር።

ጠዋት ነው። ከአያት ተነስቼ በሰሚት በኩል ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነበር። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ስለሆነ ጉድጓዶቹን ሁሉ በመልክ አውቃቸዋለሁ። አደባባዩን ዞሬ ልወጣ ስል ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጅ ከባዶ አየር የወጣ ይመስል በግራዬ ብቅ አለና ኮፈኑን ጧ! ጧ! አደረገው። ፍሬን ስረግጥ ጋቢና ያስቀመጥኳቸው የተማሪ ደብተሮች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«አይታይሽም እንዴ እኅቴ?» አለኝ ትራፊኩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ። «እጄ እስኪዝል አነሳሁልሽ እኮ!»

«ይቅርታ፤ ከየት መጡ?» አልኩት።

«ከየት መጡ? ከማለዳ ጀምሮ የተተከልኩት እዚሁ ነው! ሐውልት መስዬሽ ነው?»

ከኋላዬ የቆመው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ፣ «ትራፊክ፣ ልቀቃት በናትህ! እንቅልፏን አልጨረሰችም!» ብሎ ጮኸ።

«መንጃ ፈቃድ» አለኝ ትራፊኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ደፈር አልኩ። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። የመኪናዬ ወረቀቶች በቀለም በተለዩ ክላሰሮች ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ መንጃ ፈቃዴ ሰማያዊው ውስጥ ነው። አውጥቼ ሰጠሁት። ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል።»

«አላለፈም» አልኩ፤ ማስረዳት ስጀምር የሚመጣልኝ የክፍል ድምፄ ወጣ። «ገና ነው። ስልኬ ላይ ሞልቼዋለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ይጮህልኛል። ይኸው ይዩት፣ አምስተኛው ወር...»

ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ስልኬ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ መንጃ ፈቃዴ የተጻፈው በእኛ። ማስታወሻውን የሞላሁ ዕለት ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ወሩን ግን «አምስት» እንዳለ ገልብጬው ነበር። የእኛ አምስተኛ ወር ጥር ነው። የስልኬ አምስተኛ ወር ደግሞ ገና አልመጣም፤ ሚያዝያ ላይ ነበርን። ከጥር ወዲህ ጠዋትና ማታ ጊዜው ባለፈ ፈቃድ ስነዳ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ትራፊኩ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ደብተሮች አየ። «ቲቸር ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«በይ እንግዲህ፣ ዛሬ አንቺም ታርመሻል» ብሎ ክሱን መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ ድምፁ ለስለስ አለ። «መኪናውን ዳር አስይዥውና ፈቃድ ያለው ሰው መጥቶ ይውሰደው። እስክታሳድሺ ድረስ እጅሽ መሪ እንዳይነካ።»

ለጎረቤታችን ደውዬ መኪናውን ወሰደልኝ። እኔ በሚኒባስ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቅጣትና ወረፋ ሊያስጨንቀኝ ይገባ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቄ ተቀምጬ በጆሮዬ ይመላለስ የነበረው ግን ከገዛ አፌ የወጣው ቃል ነው፦ ከየት መጡ?

ይህ ቃል የእኔ አይደለም። የአባቴ ነው።

አባቴ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ በመጀመሪያ የመኪናው የግራ ስፖኪዮ ተሰበረ። ቀጥሎ የሙዝ ነጋዴ ጋሪ ገጨ። ከዚያ የአንድ ግቢ የብረት በር። ሁልጊዜ ቤት ገብቶ ሲነግረን እጆቹን ዘርግቶ፣ «ከየት መጣ? ከየት እንደመጣ እኮ አላየሁትም!» ይል ነበር። ቤታችን ውስጥ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ሳይታሰብ በር ከፍቶ ሲገባ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ከየት መጣ?» እንልና እንስቃለን፤ አባቴም አብሮን ይስቃል። አንድ ቀን ግን መንገድ የምታቋርጥ ሴት በግራው መጣች። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ጎማው ሥር የተገኘው ጃንጥላዋ ነው። አባቴ ያን ዕለት ቁልፉን ለባለንብረቱ መልሶ በእግሩ ወደ ቤት መጣ፤ ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። ሐኪም ቤት ሲሄድ ግላኮማ ነው ተባለ። የዓይን ውስጥ ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ የሚገድልበት በሽታ ነው። የሞተው አይመለስም። አሁን አባቴ የሚያየው መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ብቻ ነው።

ያኔ ሐኪሙ፣ «በዘር ይሄዳል፤ ልጆችህም እየመጡ ይታዩ» ብሎት ነበር። እኔ የቤት ኪራዩን ቀን፣ የተማሪዎቼን ልደት፣ የመኪናዬን ዘይት መቀየሪያ ሳይቀር ስልኬ ላይ የምጽፍ ሰው ይህን አንዱን አልጻፍኩትም።

ፈቃድ ለማሳደስ አሮጌው ፈቃድ፣ ፎቶና የጤና ምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል። የጤና ምርመራ ማለት ደግሞ በዋናነት ዓይን ማለት ነው። እንግዲህ ስሸሸው የኖርኩት ነገር በሌላ በር ገብቶ ፊቴ ተቀመጠ።

የሄድኩበት ክሊኒክ ገርጂ ነው። ምርመራው የሚደረግበት ክፍል በር በደንብ አይገጥምም፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን የተቀመጥን ሰዎች ውስጥ ያለው ሰው የሚለውን ሁሉ እንሰማለን። ውስጥ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰንጠረዥ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለች አንዲት ምልክት ብቻ ናት ያለችው፤ ጥርሷን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን አዙራ ከመስመር መስመር እያነሰች ትወርዳለች። ተመርማሪው ጥርሷ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ከውስጥ «ታች... ግራ... ላይ... ቀኝ...» ይላል አንዱ። እሱ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። «ታች... ግራ... ላይ... ቀኝ...»

አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ክላሰሬን ደጋግሜ ስከፍትና ስዘጋ አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አትጨነቂ እኅቴ። ሦስተኛው መስመር ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ ነው። አራተኛው ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች። አምስተኛውን እነሱም አያነቡትም!»

ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴት፣ «ኧረ ሁለት ጊዜ በልልኝ፣ ላይ ላዩ ጠፋኝ» አለችው። እኔ ፈተና ላይ እንዲህ የሚንሾካሾክ ተማሪ ባይ ወረቀቱን እሰበስብ ነበር። ላለመስማት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጆሮ ግን አይከደንም።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። መርማሪው ወጣት ነው። የደም ግፊቴን ለካና፣ «ከፍ ብሏል፤ እየሮጥሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ በቀኙ አነበብኩ። ከዚያ ቀኙን ሸፈንኩ። መርማሪው እንጨቱን ሦስተኛው መስመር ላይ ሲያሳርፍ አፌ ከዓይኔ ቀድሞ ሮጠ፦ ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ። እንጨቱ ገና የመስመሩ ሁለተኛ ምልክት ላይ ሳለ እኔ አራተኛዋን ተናግሬ ነበር።

«ጎበዝ! ንስር ነሽ» አለና ማኅተሙን ወረቀቴ ላይ አሳረፈ።

ከክሊኒኩ ስወጣ ፀሐይዋ የተለየች መሰለችኝ። ያነበብኩት በዓይኔ ይሁን በጆሮዬ ራሴን ልጠይቀው ጀምሬ ተውኩት። ማኅተም አለው፤ አልፌያለሁ። ጃክሮስ ጋ ወርጄ ለአባቴ ብርቱካን ገዛሁለት።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በረንዳው ላይ ሬዲዮ እያዳመጠ ይቀመጣል። የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ስለ ትራፊኩ የነገርኩት ፈቃዴ ጊዜው ማለፉን ብቻ ነበር፤ ሌላውን አላነሳሁበትም።

«አባዬ፣ አለፍኩ!» አልኩት ብርቱካኑን እጁ ላይ እያስቀመጥኩ።

«ምኑን?»

«የዓይኑን ምርመራ። እስከ ታች ድረስ አነበብኩት።»

ብርቱካኑን በእጁ አገላበጠው። ሬዲዮውን ቀነሰ። «እኔም አልፌው ነበር» አለ።

«መቼ?»

«የሴትዮዋ ጃንጥላ የተሰበረ ዓመት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብዬ ነው ፈቃዴን ያሳደስኩት። እስከ ታች። ልጁማ፣ ‹ጋሼ፣ እርስዎ ንስር ነዎት› ብሎ መረቀልኝ።»

መርማሪው ያለኝን ለአባቴ አልነገርኩትም ነበር።

አባቴ የነገረኝ ነገር አዲስ አይደለም፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼን የማስተምረው እኔው ነኝ። ሰሌዳው ላይ ዓይን ሥዬ፣ ፊት ለፊት የምናይበት ሌላ፣ ጎናችንን የምናይበት ሌላ እንደሆነ አስረዳለሁ። ይህ በሽታ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። ሰው ፊቱ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ጥርት አድርጎ እያነበበ ጎኑ ይጠፋበታል። የሚጠፋው ደግሞ ጥቁር ሆኖ አይደለም፤ ጥቁር ቢሆንማ ያስታውቅ ነበር። አእምሮ ባዶውን ቦታ በአካባቢው ቀለም ይሞላዋል፤ አስፋልት ከሆነ በአስፋልት፣ ግድግዳ ከሆነ በግድግዳ። ሰው የሌለበት ንጹሕ መንገድ ይታያል። ከዚያ ከንጹሑ መንገድ ውስጥ ሴት ትወጣለች። ያ ሰንጠረዥ ስለዚህ የሚለው አንዳች ነገር የለም፤ በቃሌ ብወጣው፣ በዓይኔ ባነበው ልዩነት የለውም።

«ትራፊኩ በየት በኩል ነበር የቆመው?» አለኝ አባቴ።

«በግራ።»

«ወንበር ስበሽ ፊቴ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ተነካካ። «አፍንጫዬን እዪ፤ ዓይንሽን ከአፍንጫዬ እንዳትነቅዪ። ሐኪሙ እኔን እንዲህ ነበር ያደረገኝ» አለ። በመዳፉ ቀኝ ዓይኔን ሸፈነ። ሌላውን እጁን ከግራ ጆሮዬ ኋላ ወስዶ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ በዝግታ ወደፊት ያመጣው ጀመር። «ስታይው ‹አሁን› በይ።»

የሚያየኝ መስሎ ፊቱን ፊቴ ላይ አድርጓል። የእጁን ቦታ የሚያውቀው ክንዱ ምን ያህል እንደታጠፈ ተሰምቶት ነው። ጠበቅኩ። በረንዳው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ማዶ ያለው ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ይታየኛል። እጅ ግን አይታየኝም።

«አሁን» አልኩ በመጨረሻ።

እጁ ባለበት ቆመ። ከዚያ በቀኜ በኩል ደገመው። በዚህኛው ቶሎ አየሁት። በግራ እንደገና ሞከርን፤ እንደገና የዘገየሁ መሰለኝ። ፍርሃት ይሁን እውነት አላውቅም። አባቴ ክንዱን ቀስ ብሎ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና ለረጅም ጊዜ ክርኑን ሲያሻሽ ቆየ።

«ነገ ሂጂ» አለ። «ወደ ፈቃድ ማደሻው አይደለም።»

በማግስቱ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በሰማያዊው ክላሰር ይዤ አትላስ አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ስለ አባቴም ስለ ትራፊኩም ነገርኳት፤ ሐኪሟ የዓይኔን ግፊት ለካች፣ በመብራት ውስጡን ደጋግማ አየች። ፊቷ ላይ መልስ ብፈልግ አጣሁ። «የእይታሽን ስፋት እንለካዋለን» ብላ ወደ ጨለማ ክፍል ላከችኝ።

ክፍሉ ውስጥ የሳፋ ያህል ሰፊ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ማሽን አለ። አገጬን አስደግፌ ፊቴን ወደ ሳፋው አስገባሁ። ምርመራውን የምትሠራው ሴት ቀኝ ዓይኔን ሸፍና የምትጫን ቁልፍ በእጄ አስያዘችኝ።

«መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ ነው የምታይው። በጎን በጎን ትንንሽ መብራት ብልጭ ይላል። ባየሽ ቁጥር ተጫኚ። ዓይንሽን ግን አታንቀሳቅሺ፤ ፍለጋ አትሂጂ።»

«ብዙ ጊዜ ካልበራስ?»

«ማሽኑ አንዳንዴ ዝም ይላል። አትጨነቂ።»

በሩን ዘጋችው።

ብልጭ። ተጫንኩ። ብልጭ። ተጫንኩ። አንዳንዱ መብራት በጣም ደካማ ነው፤ ያየሁት ይሁን የተመኘሁት አይለይም። ከዚያ ዝም አለ። ማሽኑ ውስጡ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ አንድ ነገር የሚዞር፣ ቦታ የሚቀይር ዓይነት። ድምፁ ይሰማል፣ መብራት የለም። እንደገና ድምፅ፣ መብራት የለም። ማሽኑ እያረፈ ነው ወይስ በግራዬ መብራት እየበራ እኔ ነጭ ግድግዳ እያየሁ ነው? ተማሪዎቼ ያላዩትን አይተናል እንዳይሉ ሁልጊዜ እገሥጻለሁ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ግን አውራ ጣቴ ዝም ብዬ ልጫን ይለኝ ነበር። ላብ ቁልፏን አሟለጫት። ዓይኔን ወደ ግራ ወርውሬ ልይ፣ ልያዘው፣ አለ ወይስ የለም ልበል ብዬ ቋመጥኩ። አልተንቀሳቀስኩም። አባቴ ሚኒባሱን ይዞ በኮተቤ መንገድ ሲሄድ ያየው የነበረው ይህንን ንጹሕ ነጭ ነገር ነበር ማለት ነው። ምንም የጎደለው አይመስልም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ብልጭ። ተጫንኩ። እንባዬ አገጬን በያዘው ፕላስቲክ ላይ ወረደ።

ሐኪሟ ውጤቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችልኝ። የቀኙ ምስል ነጣ ያለ ነው። የግራው ጠርዝ ላይ ግን ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ትንሽ ጠቆር ያለ ጥላ አለ።

«ጀምሯል» አለችኝ። «ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ጠብታ እጽፍልሻለሁ፤ በየቀኑ ማታ ማታ፣ ሳታቋርጪ፣ ዕድሜሽን ሙሉ። የጠፋውን አይመልስልሽም። የቀረውን ግን ይጠብቅልሻል።»

«መንዳትስ?»

«አሁን ባለሽበት ትነጃለሽ። ክትትል እስካላቋረጥሽ ድረስ።»

«ትራፊኩን ያላየሁት በዚህ ምክንያት ነው?»

ወረቀቱን እንደገና አየችው። «ላይሆን ይችላል። ጥላው ትንሽ ነው፤ ሐሳብሽ ሌላ ጋ ሄዶም ይሆናል። እንዲያው ግን እሱ ባይመታልሽ ኖሮ መቼ ነበር የምትመጪው?»

የመድኃኒት ማዘዣውን ሰማያዊው ክላሰር ውስጥ ከተትኩ። በሩ ላይ ስደርስ፣ «አባትሽ በዚህ ደረጃ መጥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ መልክሽን ያዩ ነበር» አለችኝ። ለማጽናናት ነው የተናገረችው። ደረጃው ላይ ግን ቁጭ አልኩ።

ፈቃዱን ማሳደሱ ከዚያ በኋላ ተራ ነገር ሆነ። ወረፋ ያዝኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ቅጣቴን ከፈልኩ። ሥርዓት ስለምወድ የሐኪሟን ማስረጃ ከጤና ምርመራው ወረቀት ጋር አያይዤ አቀረብኩ። መስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ገንጥላ መለሰችልኝ። «ይሄ አልተጠየቅሽም እኮ።»

«ቢያያዝ ጥሩ ነው ብዬ ነው። ያ ምርመራ ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚለካው፤ ይሄ ደግሞ...»

«እኅቴ፣ ከኋላሽ ሰው አለ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ብዙ ሰው ነበር።

አሁን የፍሪጃችን በር ላይ ሁለት የጠብታ ጠርሙስ አለ፤ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ የእኔ። አባቴ በዳሰሳ እንዲለያቸው የእኔን በላስቲክ አስሬዋለሁ። ማታ ማታ መጀመሪያ እኔ ለእሱ አደርግለታለሁ፤ ከዚያ እሱ አጠገቤ ቆሞ፣ «አደረግሽ?» ይለኛል። «አደረግኩ» እላለሁ። «በግራውም?» «በሁለቱም አባዬ።»

አዲሱን ፈቃድ የተቀበልኩ ሳምንት አባቴን ጋቢና አስቀምጬ ለክትትል ይዤው ወጣሁ። አባቴ መንገዱን በመቀመጫው ያውቀዋል። መኪናው መዞር ሲጀምር፣ «ሰሚት አደባባይ» አለ።

«አዎ።»

«በግራ ምን አለ?»

ዓይኔን ብቻ አልሰደድኩም፤ ራሴን፣ አንገቴን፣ ትከሻዬን ጭምር አዞርኩ። «አይሱዙ አለ፣ ቆሟል። ሞተር ሳይክል እያለፈ ነው። ትራፊኩ መሐል ላይ ነው።»

«እጁስ?»

«አላነሳም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፤ ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው?» አለኝ።

እግሬን ፍሬኑ ላይ እንዳደረግኩ እንደገና ዞርኩ። አስፋልቱ ንጹሕ ነበር። ከኋላችን ክላክስ መጮህ ጀመረ። አልተንቀሳቀስኩም፤ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት።